በሁለት ቁልፍ መሃል

አናጢ ነኝ እኔ፤ የዜማ ሰው አይደለሁ፤
የቢያድግልኝን ፒያኖ ግን፣ ሆዱን ከፍቼ አይቻለሁ።
ጣሊያን ሲሸሽ የተወው፣ በፒያሳው ሆቴል ያረጀ፣
አንድ እግሩ በጡብ የቆመ፣ ከውስጡ አይጥ ቤት ያበጀ፤
ከቁልፎቹ አንዷ ወልቃ፣
ድዷ እንደታየ አሮጊት፣ ይስቅ ነበር ያ ዕቃ።

ልጅ እግር ነው ያን ጊዜ። አውቶ ፓርኮን ተሻግሮ፣
«ጥርስ ሥራልኝ» አለኝ፣ ልኩን በክር ቋጥሮ።
የዝሆን ከየት ላምጣ? ቄራ ወርጄ በማለዳ፣
የበሬ ቅልጥም ገዝቼ፣ ስሞርድ ዋልኩኝ ከጓዳ።
ገጠምኳት። ከእህቶቿ መሃል፣ ብቻዋን ቢጫ ሆነች፤
«በሬዋ» አላት ስሟን፤ ማታ ማታ እሷ ትቀድማለች።

ጅማሬው አዘዞ ነው፣ ከጦር ሰፈሩ ባንድ፤
ጡሩንባ ሰጡት፣ ነፋ፤ ሳንባው እስኪነድ።
ታሞ ከተኛበት ክፍል፣ በአንድ ሻምበል ሬዲዮ ውስጥ፣
ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ጣት ሰማ ሌሊት ሲሯሯጥ።
እናቱ እማማ ስንዱ፣ «ጃዝ ነው የምጫወት» ቢላት፣
«በማን ላይ?» ብላ ተነሣች፣ ውሻ የሚለቅ መስሏት።

ኋላ ሰዓት እላፊ መጣ። በር ይዘጋል በጊዜ፤
ውስጥ የቀረ ውስጥ ያድራል፣ ከነሐሳቡ ከነትካዜ።
አጭር ዜማ ምን ይሠራል፣ ንጋቱ እንዲያ ሲርቅ?
አንዱን አንቺሆዬ ፈትቶ፣ ሲያጣላው ሲያስታርቅ፣
የሑመራ መኪና ሾፌር፣ ወንበር ላይ ተኝቶ ሲስቅ፣
ወፍ ይንጫጫል፤
እሱ ገና መግቢያው ላይ ነው።

አንድ ሌሊት ቃኚ ጓድ፣ በሩን በሰደፍ ገፋ።
«ምን ትሠራለህ እዚህ?»
ጣቱን ከቁልፉ አላነሣም፤
«እንደ እናንተው ነኝ፣ ጓድ፤
እኔም ስቃኝ ነው የማድረው።»
ማንም አልሳቀም።
ሦስት ወር ታሠረ፣ ለአንዲት ቃል።

ሲፈታ ስለዚያ አላወራም። ግራ እጁ ግን ዘገየ፤
ከቀኙ በአንድ ትንፋሽ፣ ወደ ኋላ ተለየ።
«አዲስ ስልት ነው» አሉ፣ ከከተማ የመጡ አዋቂዎች፤
ደቀ መዛሙርቱም፣ ሙሉ እጅ ያላቸው ልጆች፣
ግራቸውን እያስነከሱ፣ እሱን ሊመስሉ ለፉ።
አየኋቸው። አላረምኳቸውም።

አንዴ አዲስ አበባ ወረደ፣ ሸክላ ሊያስቀርጽ ተጠርቶ፤
በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ፣ ባዶ ሻንጣ አንጠልጥሎ።
«ምነው?» ብለው፣
«የዚያኛው ጥርስ ሙሉ ነው፤
ምን ብዬ ላጫውተው?» አለኝ።
ስለ ገንዘቡ አልጠየቅኩም።

አርጅቶ፣ አንድ ከሰዓት፣ ፔዳሉን ሳጠብቅ ከሥር፣
ሁለት ጎረቤት ቁልፎች፣ ባንድ ላይ መታ በፍቅር፤
ደግሞ መታ። ደግሞ።
«ቀሃ ዳር አንድ አዝማሪ ነበር፤
ማሲንቆው ላይ አንድ ድምፅ አለች፣
እዚህ የለችም።
ከዚችና ከዚች መሃል ናት።
አርባ ዓመት አንኳኳሁ፤
ጣቴ አይገባም።»
መነጽሬን አድርጌ ስንጥቋን አየሁ፤
አቧራ ነው። የጥፍር ቁራጭ። ሌላ የለም።
ላሰፋት እችል ነበር በሞረድ፤
አላልኩትም።

በግንቦት ቀበርነው። ሆቴሉ ተሸጠ፤
ባለቤቱ «እንጨቱን ውሰድ፣ ቦታውን ልቀቅልኝ» አለ።
ሰማንያ ስምንት ቁልፍ፣ አንድ በር ያልከፈተ፣
በጋሪ ጭኜ ሄድኩ፤
በሬዋን ግን ፈልቅቄ ከኪሴ ከተትኩ።

መሽቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣
ደጄ ላይ ቁልፍ ስፈልግ፣ እጄ እሷን አወጣ።
ከበሩ ጉበን ላይ አንኳኳሁባት፣ ቀስ ብዬ።
ከውስጥ ባለቤቴ
«ማነው?» አለች።
መልሴ ትንሽ ዘገየ።